ከመልሱ አጠገብ የእርግጠኝነቱ ልክ ይጻፍ

ግልጽ ደብዳቤ
የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ፣ የፈተና ጥያቄ ለምታወጡና ለምታርሙ ባለሙያዎች ሁሉ

የተከበራችሁ አዘጋጆችና ፈተና አውጪዎች፣

ሁለት ጥያቄዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው «የዐድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» ይላል። ሁለተኛው «የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት መቼ ተመሠረተ?» ይላል። በፈተና ወረቀት ላይ ሁለቱም አራት አማራጭ፣ አንድ ትክክለኛ መልስና አንድ ነጥብ ይኖራቸዋል። ተማሪውም ሁለቱን መልሶች እኩል ያጠናል፣ እኩል ያምናል። ነገር ግን የመጀመሪያውን መልስ የሚያናውጥ ማስረጃ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ የታሪክ ሰው የለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ከነገሥታት ዝርዝር ላይ በመቀነስ የተገኘ ቁጥር ነው። ይህን ልዩነት መጽሐፉም፣ የመምህሩ መምሪያም፣ የመልስ ቁልፉም ብዙ ጊዜ አይናገሩትም። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለልጆቻችን መልሱን ስትሰጡ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንንና በምን እንደሆንን አብራችሁ ስጡ።

በዐድዋው ቀን እንጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ዕለት ነበር። በጣልያን በኩል ያለው መዝገብ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ይላል፤ እሱም እሑድ ነው። ሁለቱ ወገኖች ጠላቶች ናቸው፣ የጻፉት በየራሳቸው ቋንቋ ነው፣ የዘመን አቆጣጠራቸው ይለያያል፣ አንዱ ከሌላው የሚገለብጥበት ምክንያት የለም። ተሸናፊው ራሱ የሽንፈቱን ቀን መዝግቧል። እንዲህ ያለውን መልስ «የተረጋገጠ» ማለት ማጋነን አይሆንም።

በዚህ በተረጋገጠው ቀን ላይ እንኳ የሚሳሳቱ አሉ። በዓሉ ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ነው፤ መጻሕፍት ግን ጦርነቱን ማርች 1 ይሉታል። አንዳንዱ አርታኢ ከሁለቱ አንዱ ስህተት መስሎት «ያርመዋል»። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት 6 ትሆናለች፤ የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ግን በ1900 ላይ የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ዘለለ። በዚያ ምክንያት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ቀን ጨመረ። ከዚያ በፊት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ 11 ነበር፤ አሁን 11 እና 12 ነው። የዛሬውን ርቀት ወደ ኋላ የሚጎትት በስልክ ላይ ያለ የቀን መቀየሪያ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ያዛባል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉበትን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አስገቡ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ካላወጣ ያንን መቀየሪያ ለመጽሐፍ ሥራ አትጠቀሙበት። ወር ያልተጻፈበት ዓመት ሲገጥማችሁም 8 ደምራችሁ አትለፉ፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማብቂያ ልዩነቱ 7 ነው። «1888» ብቻ ከተጻፈ ትክክለኛው ቅያሬ 1895/96 ነው፤ አንድ ዓመት ከመረጣችሁ ምንጩ ያልያዘውን እርግጠኝነት ጨመራችሁ ማለት ነው።

በጥንት ብራና ላይ ደግሞ ሌላ መፈተኛ አለን፤ በትምህርት ቤት ባለመሰጠቱ የምናዝንበት ነው። ጸሐፊው የወሩን ቀን፣ የሳምንቱን ዕለትና ዘመነ ወንጌላዊውን አብሮ ከጻፈ፣ አራቱ ወንጌላውያን በሰባቱ ዕለታት ተባዝተው 28 ይሆናሉ። የሦስቱ ጥምረት በ28 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይገጥማል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1888 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዐድዋ የሆነው በዘመነ ዮሐንስ ነው። ጽሑፉ ዕለቱን ሰኞ፣ ዘመኑን ማርቆስ ብሎ ሒሳቡ ካልገጠመ፣ ወይ ገልባጩ ተሳስቷል፣ ወይ ቀኑ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። በድሮ ጽሑፍ ላይ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ዛሬ ከምናውቀው ቆጠራ ውጭ የበዓላት ቆጠራው የሚደጋገምበትን የ532 ዓመት ዙር (ዐቢይ ቀመር) ሊያመለክትም ይችላል። ዙሩን የሳተ አንባቢ ሰነዱን በ532 ዓመት ያርቀዋል ወይም ያቀርበዋል።

አሁን ወደ ዛጉዌ እንምጣ። ማብቂያው፣ ይኩኖ አምላክ የነገሡበት 1262 ዓ.ም. (1270 እ.ኤ.አ.)፣ በጥሩ መሠረት ላይ የቆመ ነው። መነሻው ግን እንዲህ አይደለም። ዘግይተው ከተገለበጡት የነገሥታት ዝርዝሮች አንዱ ሥርወ መንግሥቱ 133 ዓመት ቆየ ይላል፤ ሌላው 333 ዓመት ይላል። ከ1270 ላይ 133 ሲቀነስ 1137 ይመጣል፤ 333 ሲቀነስ 937። በየመጽሐፉ የምናነበው «1137» በድንጋይ ላይ ተጽፎ የተገኘ ዓመት አይደለም፤ የዚህ ቅነሳ ውጤት ነው። ዝርዝሮቹ በራሳቸው የሚሰጡት ምልክትም አለ። በአንዳንዱ ዝርዝር ተከታታይ ነገሥታት እያንዳንዳቸው 40 ዓመት ነግሠዋል። ዳዊት 40 ዓመት፣ ሰሎሞንም 40 ዓመት መንገሣቸውን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይገባዋል። 40 በዚያ ቦታ «ረጅምና የተባረከ ዘመን» ማለት ነው፤ የአዝመራ ቆጠራ አይደለም።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ከዝርዝሩ የጠነከረ ምንጭ አለ። ንጉሥ ላሊበላ የሰጧቸው የመሬት ስጦታዎች በወንጌል ብራና ላይ ተመዝግበው ቆይተዋል፤ ዓመታቸው ወደ 1204 እና 1225 እ.ኤ.አ. ይመጣል። እንዲህ ያለ መዝገብ መብት የሚያስከብር ሰነድ ነው፤ ዓመቱና ምስክሮቹ የሚጻፉት ነገ ክርክር ቢነሣ እንዲታዩ ነው። የንጉሡ ገድል ደግሞ የተጻፈው ከእርሳቸው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ዓላማውም ቅድስናቸውን ማሳየት ነው። መጽሐፉ «ላሊበላ ከ1181 እስከ 1221 ነገሡ» ብሎ በእርግጠኝነት ሲጽፍ፣ በ1225 ስጦታ የሰጡበት ሰነድ ከመጽሐፉ ጋር ይጋጫል። «በ1204 እና በ1225 በዙፋን ላይ ነበሩ፤ የጀመሩበትና የጨረሱበት ዓመት በውል አልታወቀም» ብትሉ ዓረፍተ ነገሩ ጥቂት ይረዝማል፤ የሚናገረው ግን እውነት ይሆናል።

«ይህን ዓመት አሥር መጻሕፍት ጽፈውታል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በሸንጎ ከአንድ ሰው የሰሙ ሦስት ሰዎች ቢቆሙ ምስክሩ አንድ ነው። አሥሩ መጻሕፍት ሁሉ ከአንዱ ዝርዝር ከቀዱ ምንጫችን አንድ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የአሥሩ ጸሐፊዎች ክብርም ምንም አይጨምርለትም። ስለዚህ መጻሕፍት ከመቁጠር በፊት የእያንዳንዱን የግርጌ ማስታወሻ ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ሁለት ጽሑፎች አንድ ዓይነት ስህተት ከያዙ፣ ለምሳሌ አንድን ስም በተመሳሳይ መንገድ ካጣመሙ፣ አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ተገልብጠዋል ማለት ነው፤ እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን ደግሞ አንድን ታሪክ በጅምላ መቀበል ወይም በጅምላ መጣል ነው። ዮዲት ጉዲትን ውሰዱ። «በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዮዲት የምትባል አይሁዳዊት ንግሥት አክሱምን አጠፋች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያዩ አባባሎችን አዝሏል። በዚያ ክፍለ ዘመን በሐበሻ ምድር አንዲት ሴት ኃይል ይዛ ንጉሡን እንዳሸነፈች የዘመኑ ምንጭ አለን፤ ዐረቡ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጽፎታል። የእስክንድርያ አባቶች ታሪክም ለኖባው (ለኑቢያው) ንጉሥ ስለተላከ የኢትዮጵያ ንጉሥ የጭንቅ ደብዳቤ ይነግረናል። ሁለቱ ከሁለት አገርና ከሁለት ሃይማኖት የመጡ ስለሆኑ ክብደት አላቸው። ስሟ ግን የመጣው በኋላ ከተጻፈው ትውፊት ነው። ሃይማኖቷም እንዲሁ፤ ከየት ወገን እንደነበረች ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አክሱምን «አጠፋች» የሚለው ደግሞ ከቁፋሮው ጋር መታረቅ አለበት፤ ከተማዋ ከንግሥቲቱ በፊት መዳከም ጀምራ ነበር፣ የመጨረሻዎቹ የአክሱም ሳንቲሞች የተመቱትም ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ አራት ሲከፈል የመጀመሪያው ጠንክሮ ይቆማል፣ ሌሎቹ በየደረጃቸው ይቀመጣሉ። ሳይከፈል ግን ጠንካራው ክፍል ለደካማው ዋስ ይሆነዋል፤ ወይም በደካማው ምክንያት ጠንካራውም አብሮ ይወድቃል።

ዓመት በውል ሳይታወቅ ሲቀርም ባዶ እጃችንን አንቀርም። ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት የገባበትን ጊዜ «330» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። ምንጮቹ የሚሰጡን ግን ሁለት ግድግዳ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደጻፈው ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን) ጳጳስ አድርጎ የላከው አትናቴዎስ ነው፤ አትናቴዎስ ደግሞ በእስክንድርያ መንበር ላይ የተቀመጠው በ328 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ለአክሱም ገዥዎች ለዒዛናና ለሳይዛና በላከው፣ ከ356 ገደማ በሆነው ደብዳቤ ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሆኖ ተጠቅሷል፤ ከዚያ በኋላም ሊሆን አይችልም። በመካከሉ የዒዛና ሳንቲሞች ከጨረቃና ከፀሐይ ምልክት ወደ መስቀል ሲሸጋገሩ እናያለን። ስለዚህ «ከ328 እስከ 356 ባለው ጊዜ» የሚለው መልስ የተረጋገጠ ነው፤ «በ330» የሚለው ግን ግምት ነው። ዒዛና በትውፊት የምናውቀው አብርሃ ነው የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። ሊሆን ይችላል፤ በሳንቲሙና በድንጋዩ ላይ የሚታየው ስም ግን ዒዛና ነው።

ስለ ሳይንሳዊ ምርመራም አንድ ቃል። የአባ ገሪማ ገዳም የወንጌል ብራናዎች በራዲዮካርበን ተመርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲገኙ፣ ቀድሞ በሥዕሉ አሣሣል ብቻ ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያወርዷቸው የነበሩ ሊቃውንት ግምት ወደቀ። ታላቅ ግኝት ነው። ይሁንና ምርመራው የሚለካው እንስሳው የሞተበትን ጊዜ ነው እንጂ ብዕሩ ብራናውን የነካበትን አይደለም፤ ውጤቱም ሁልጊዜ የዓመታት ርዝመት ነው። የርዝመቱን መካከለኛ ዓመት አውጥቶ «በዚህ ዓመት ተጻፈ» ማለት ምርመራው ያላለውን ማለት ነው።

ቁጥር ላይ ስንደርስ ችግሩ ይብሳል፤ የሙታን ቁጥር ስለሆነ ደግሞ ያመናል። በዐድዋ የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፉት ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ እንደነበረ የምናውቀው ጦሩ ደመወዝና ስንቅ የሚከፈልበት የስም መዝገብ ስለነበረው ነው። የእኛ ጦር በየመኳንንቱ ተጠርቶ የመጣ እንጂ በአንድ መዝገብ የተጻፈ አልነበረም፤ ስለዚህ ግምቱ ከ70,000 እስከ 120,000 ይሰፋል። ከስፋቱ ውስጥ አንዱ ክፍል የመጣው ማን ይቆጠር በሚለው ነው፤ ጠብመንጃ የያዘው ብቻ፣ ጦርና ጋሻ የያዘውም፣ ወይስ ስንቅ ጫኙና ወጥ ቤቱም? ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ እኩል መስመር ሰጥቶ ማተም፣ አንዱ ቆጠራ ሌላው ግምት መሆኑን ከተማሪው መደበቅ ነው።

ከፋሽስት ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለታላላቅ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጉባኤ ባቀረበው ሰነድ የሟቾቹ ድምር 760,300 ነው። ዝርዝሩን ተመልከቱ፦ በጦር ሜዳ 275,000፣ ከአርበኞች 78,500፣ በአየር ድብደባ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ 30,000፣ በእስር ካምፕ 35,000፣ በፍርድ የተገደሉ 24,000፣ መንደራቸው ተቃጥሎ በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩ በትክክል ይገጥማል። ግን 300,000 ክብ ግምት ነው፤ በአሥር ሺዎች ሊወርድና ሊወጣ በሚችል ቁጥር ላይ 17,800 ስለተደመረ ድምሩ እስከ መቶ ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ተማሪው «መንግሥት ያቀረበው ድምር 760,300 ነው» ብሎ ይወቅ፤ «የሞተው ሰው 760,300 ነው» ከሚለው እንዲለየው ግን ይማር። ይህን ማለት የሟቾቹን ደም ማቃለል አይደለም። ለክህደት በር የሚከፍተው መደገፊያ የሌለው ትክክለኛነት ነው፤ አንድ አሃዝ ሲነቀል ከሳሹን ሁሉ ውሸታም ለማድረግ የሚሻ አይጠፋም።

ደብረ ሊባኖስ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መረሸናቸውን አስታውቋል፤ ድምሩ 449። ገዳዩ ለአለቃው የጻፈው ስለሆነ ግድያው መፈጸሙ ለክርክር አይቀርብም፤ ቁጥሩም ወለል ነው፣ ከዚያ አያንስም ማለት ነው። በኋላ በቦታውና በሕይወት ባሉ ምስክሮች ላይ የተደረገው ጥናት ወደ 2,000 ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። «ቢያንስ 449፣ ምናልባትም እስከ 2,000» የሚለው መልስ ወለሉንም ጣሪያውንም፣ የእያንዳንዱንም ምንጭ ይዟል። ሁለቱን አማካኝ አድርጎ አንድ ቁጥር ማውጣት ግን ከሁለቱም የባሰ ነው፤ ማንም ምስክር ያልተናገረው ቁጥር ይሆናል።

ሰነዱ እጃችን ላይ ሲኖርም ሁሉ አይታወቅም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መገልገል እንደሚችሉ ሲል፣ የጣልያንኛው ግን በዚያው ለመገልገል ተስማምተዋል ይላል። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። ጣልያን በዚያው አንቀጽ ተመርኩዛ በኦክቶበር 1889 ለኃያላኑ ማስታወቂያ መላኳም እንዲሁ። ልዩነቱ ተንኮል ነው ወይስ የትርጉም ጉድለት የሚለው ግን ስለ ሰው ሐሳብ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ማንም ተማሪ የመሰለውን ይዞ ቢከራከር ነጥብ ሊያጣ አይገባም፤ ነጥብ የሚያጣው ሁለቱን ቅጂዎች ሳያነጻጽር ሲፈርድ ነው።

እንግዲህ በሥራ ላይ የሚውል ነገር እንጠይቅ። ለእያንዳንዱ ዓመት፣ ቁጥርና ምክንያት ከሦስት ቃላት አንዱ ይሰጠው። «የተረጋገጠ» የሚባለው ከድርጊቱ ዘመን የመጡ፣ አንዱ ከሌላው ያልቀዳ፣ ቢያንስ ሁለት ምንጮች ሲስማሙ ነው። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ሲደፋ ግን አንዱ እግር ሲጎድል «ሚዛን የሚደፋ» ይባል። ባለሙያዎች በማስረጃ ሲለያዩ «አከራካሪ»። ትውፊትን አራተኛ ደረጃ አታድርጉት፤ ትውፊት የምንጭ ዓይነት ነው፣ እውነትን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «ት» የምትል ምልክት ከደረጃው ጎን ትቀመጥለት። በመምህሩ መምሪያ ላይ ደግሞ ምንጩ ከድርጊቱ ስንት ዓመት እንደሚርቅ በአሃዝ ይጻፍ።

በፈተና ላይ አከራካሪ ቁጥር የምርጫ ጥያቄ አይሁን። ይልቁንም ዝርዝሮቹ ራሳቸው ይሰጡ፦ «አንዱ ዝርዝር 133፣ ሌላው 333 ዓመት ይላል፤ ማብቂያው 1262 ዓ.ም. ከሆነ መነሻው በእያንዳንዱ ስንት ይሆናል? ከሁለቱ ለመምረጥ ምን ዓይነት ማስረጃ ትፈልጋለህ/ትፈልጊያለሽ?» ከ5 ነጥብ ሁለቱ ለስሌቱ (1129 እና 929)፣ ሦስቱ ለማስረጃው ይሰጡ፤ የመሬት ስጦታ ሰነድ፣ የውጭ ጸሐፊ፣ ወይም የድንጋይ ጽሑፍ ብሎ ምክንያቱን ላስረዳ ሙሉው ይገባዋል። ለሁሉ ጥያቄ «አከራካሪ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ግን አይሸለም። የዐድዋ ቀን አከራካሪ ነው ያለ ተማሪ፣ የዛጉዌ መነሻ የተረጋገጠ ነው ካለው እኩል ተሳስቷል።

በክፍል ውስጥም ገንዘብ የማይጠይቅ ልምምድ አለ። ተማሪው ከእያንዳንዱ መልሱ ጎን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ10 ይጻፍ። በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ 9 የተባሉት መልሶች ለብቻ ይቆጠሩ፤ 20 ከሆኑ 18ቱ አካባቢ ልክ መሆን አለባቸው። 12 ብቻ ልክ ከሆኑ ልጁ ከሚያውቀው በላይ ይተማመናል፤ 5 ካላቸው ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛው ልክ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚያውቀውን ይፈራል። መምህሩም ለራሱ ይሞክረው። ከ20 ባነሰ መልስ ላይ ግን ፍርድ አትስጡ፤ ዕድል ብቻውን ያንን ያህል ሊያወላግድ ይችላል።

መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀይሩ አንልም። በዛጉዌ ምዕራፍ ይጀመር። በምዕራፉ ያለው እያንዳንዱ ዓመትና ቁጥር በአራት ዓምድ ይዘርዘር፤ አባባሉ፣ ምንጩ፣ ምንጩ ከድርጊቱ የሚርቅበት ዓመት፣ ደረጃው። ሠንጠረዡን ያለ ክፍያ ሞልተን ለማስረከብ፣ በምንለያይበትም መስመር ላይ የሁለታችንን ምክንያት ጎን ለጎን ጽፈን ለመፈረም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህራንና የጽሑፍ ምንጮች አጥኚዎች